ሙታናቸውን ለመቅበር ረጅም ዕድሜ የጠበቁ እናት



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ዘወትር የምናወጣው ከመካከላችን የተለዩንን እናቶችና አባቶች ታሪክ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ግን ከሰፈራችን ወጣ ብለን፣ በእድር መዝገብ ላይ ስማቸው ተጽፎ የማያውቅ፣ የወር መዋጮም ከፍለው የማያውቁ የአንዲት ትልቅ እናት ታሪክ ልናነሣ ወደድን። እኒህም የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ፣ ልዕልት ተናኘወርቅ ናቸው።

ሐሳቡ ሲነሣ «እንስራ ተሸክመው፣ ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ሸጠው ያሳደጉን እናቶች እያሉ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» ያሉ አልጠፉም። አባባላቸው ሐቅ አለው፤ አልተከራከርናቸውም። እኛም ብንሆን ስለ ዘውድና ስለ ዙፋን ለመጻፍ አይደለም የተነሣነው። የእድር ሰዎች እንደመሆናችን አንድ የምናውቀው ሥራ አለ፤ ሰው ሲሞት ማልቀስና መቅበር። በዚህ በኩል የእኒህን ሴት ዘጠና አንድ ዓመት ስናየው፣ ከድንኳናችን ሥር ተቀምጦ ለማያውቅ ሰው የማይገባ፣ ለእኛ ግን ወዲያው የሚገባን ነገር አገኘንበት። ሀብትና ማዕረግ ሞልቶላቸው፣ የሞተባቸውን ሰው አልቅሶ መቅበር ግን ደጋግሞ የተከለከለባቸው እናት ነበሩ።

ልዕልት ተናኘወርቅ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ሐረር ከተማ ነው። አባታቸው ያን ጊዜ ገና ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተብለው የሐረር ገዥ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ፍቅርተ ማርያም ይባላል። ከአፄ ኃይለ ሥላሴና ከእቴጌ መነን ከተወለዱት ስድስት ልጆች የበኩሯ እርሳቸው ናቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ልዕልት ዘነበወርቅ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ ልዑል መኰንንና ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከታትለው ተወለዱ። እነዚህን ስሞች አንባቢያችን እንዲይዛቸው እንለምናለን። ከስድስቱ ልጆች መጀመሪያ የተወለዱት መጨረሻ ላይ የሞቱት ሆኑ፤ አምስቱንም ታናናሾቻቸውን ቀድመው ወደዚህ ዓለም መጥተው፣ አምስቱንም ሸኝተው ቀሩ።

በዘመኑ ልማድ መሠረት ገና በልጅነታቸው ለደስታ ዳምጠው፣ ኋላ ራስ ደስታ ለተባሉት፣ ተዳሩ። ዛሬ ቢሆን ወላጅን የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን በቤተ መንግሥትም በገበሬ ቤትም ያው ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ልዕልት አይዳ በ1919 ዓ.ም. በተወለዱ ጊዜ እናቲቱ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አምኃ፣ ሂሩት፣ ሰብለ፣ ሶፊያና እስክንድር ተወለዱ። አራት ሴት፣ ሁለት ወንድ ማለት ነው።

ራስ ደስታ የፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ልጅ ናቸው። ፊታውራሪ ዳምጠው በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የወደቁ አርበኛ ናቸውና፣ ልጅየው ያደጉት አባት በጦር ሜዳ በቀረበት ቤት ነው። በ1925 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አሜሪካ ሄደው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። የሲዳሞና የቦረና ገዥ ሳሉም ጦርነቱ መጣ። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. ገናሌ ዶሪያ ላይ የግራዚያኒ ጦር በአውሮፕላንና በመኪና ሰብሮ ገባ። ማይጨው ከተፈታ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም ከሄዱ በኋላ፣ ራስ ደስታ ግን በደቡብ በዱር በገደሉ መዋጋታቸውን አላቆሙም። ሚስትና ስድስት ልጆች በስደት፣ ባል በበረሃ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስቡት።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው ሰሞን ወደ ደቡብ በኩል ጎገቲ ላይ የራስ ደስታ፣ የደጃዝማች በየነ መርዕድና የደጃዝማች ገብረ ማርያም ጦር ተከብቦ ተመታ፤ ሁለቱ ደጃዝማቾች ሕይወታቸው አለፈ። ራስ ደስታ ለጥቂት ቀናት አመለጡ። የካቲት 17 ቀን ተይዘው ቡታጅራ አካባቢ፣ በተወለዱበት አገር፣ በጥይት ተደበደቡ። ልብ በሉ፤ ደጃዝማች በየነ መርዕድ የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ናቸው፤ ልዕልት ሮማነወርቅም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የተናኘወርቅ እኅት ናቸው። ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ሳምንት ውስጥ ባል አጡ። ሮማነወርቅ ከነልጆቻቸው በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቱሪን ከተማ ሞተው እዚያው በባዕድ አገር ተቀበሩ።

ልዕልት ተናኘወርቅ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ታላቋ ልጅ ገና አሥር ዓመት አልሞላትም። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ባለመርዶዋ ስትጮኽ የሚደግፋት እጅ በቀኝም በግራም ይኖራል። አስከሬን ባይኖር እንኳ ልብሱ ወይም ፎቶግራፉ ይቀመጥና ይለቀሳል፤ ጋሻና ጠመንጃው ተይዞ ይፎከራል። በስደት አገር ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? አልቃሽ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል የለ። የራስ ደስታ ስም ኋላ በአዲስ አበባ ለሆስፒታል ተሰጥቶ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን አሳክመንበታል፤ የያኔዋ ወጣት ሚስት ግን በባላቸው ቀብር ላይ አልቆሙም።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ወጣና ተመለሱ። ደስታው ግን ረጅም አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ፣ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው የመጡት፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ነቀምቴ ላይ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ልዕልት ዘነበወርቅማ ከጦርነቱ በፊት፣ በ1925 ዓ.ም.፣ ገና በልጅነታቸው መቀሌ ላይ ሞተዋል። ቀጥሎ የራሳቸው የልዕልት ተናኘወርቅ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ አምኃ ደስታ በወጣትነቱ ተቀጠፈ። ወንድማቸው ልዑል መኰንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው ግርግር የሴት ልጃቸው የልዕልት ሶፊያ ባል ሻምበል ደረጀ ኃይለ ማርያም ተገደሉ፤ እናትም ልጅም በጥይት የተነጠቀ ባል መበለት ሆኑ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የካቲት 8 ቀን እናታቸው እቴጌ መነን ዐረፉ፤ ገና ከልቅሶው ሳይነሡ፣ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከተሉ።

እነዚህ ሁሉ ለቅሶዎች መራር ቢሆኑም፣ እውነቱን ለመናገር በሥርዓቱ የተለቀሱ ናቸው። ግንዘቱ፣ ፍትሐቱ፣ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ አልጎደለም። ንጉሡ ራሳቸው ያለቅሳሉ፤ አገር አብሮ ያለቅሳል። እናንተም ከአባቶቻችሁ እንደሰማችሁት፣ በልዑል መኰንን ለቅሶ ከተማው ሁሉ አዝኖ ነበር።

እቴጌ መነን ካረፉ በኋላ ቤተሰቡን የሚሰበስቡት፣ በመንግሥት ግብዣም ላይ የእናታቸውን ቦታ ይዘው የሚታዩት ልዕልት ተናኘወርቅ ሆኑ። ባለቤታቸው፣ ከነጻነት በኋላ ያገቧቸው ራስ አንዳርጋቸው መሳይ፣ በፌዴሬሽኑ ጊዜ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንለፍ። ልዕልቲቱ ለአባታቸው ምክር የሚሰጡ፣ ቃላቸው የሚሰማ፣ ቆፍጣና ሴት እንደነበሩ ይነገራል፤ ለአዲስ አሳብ በር የሚከፍቱ ሰው አልነበሩም የሚሉም ብዙ ናቸው። በዚያ ዘመን ጭሰኛ ሆኖ የኖረ አባት ያለው አባል በመካከላችን አለና፣ የዚያን ሥርዓት ሸክም አናቃልልም። ሰው ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ የሰፈራችንስ ቆፍጣና እናቶች ምን ነበሩ? ምራቶቻቸው ይነግሯችኋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ሰሞን ልዕልት ተናኘወርቅ ከአራቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ከወንድማቸው ሚስት ከልዕልት ሣራ ግዛውና ከሌሎችም የቤተሰቡ ሴቶች ጋር በቁም እስር ተያዙ። ቆይቶም ወደ ወኅኒ ቤት ተወሰዱ። ያ ቤት፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ «ዓለም በቃኝ» የሚል ክፍል የነበረው ከርቸሌ ነው፤ አሁን ፈርሶ በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሞበታል። በዚያ መንገድ ስናልፍ ከፍ ብሎ የቆመውን መስታወት ብቻ እያየን የምናልፍ ሰዎች፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ አንዳንዴ ብናስታውስ አይከፋም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ስልሳዎቹ ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ ሁለተኛውና የቀረላቸው ወንድ ልጃቸው፣ የባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ናቸው። አርባ ዓመታቸው ነበር። አማቻቸው፣ የሟቿ እኅታቸው የልዕልት ፀሐይ ባል የነበሩት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። እሑድ ጠዋት ሬዲዮ ስማቸውን አነበበ። ሽማግሌ ያልተማከረበት፣ በር ያላንኳኳ፣ የሚደግፍ እጅ ያላመጣ መርዶ እንዲህ ያለው ነው። የሞቱት ያለ ፍትሐት በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። እናት እስረኛ ነበሩ፤ ድንኳን አልተተከለም፣ ማንም «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ አልገባም።

ዓመት ሳይሞላ በነሐሴ ወር ሬዲዮው እንደገና ተናገረ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ሞቱ ተባለ። ኋላ በደርግ ባለሥልጣኖች ክስ ላይ ታፍነው እንደተገደሉ ተገለጸ እንጂ፣ ያን ጊዜ ልጅ ለአባቷ ምን ሆኖ ሞተ ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። መቃብሩም አልተነገረም። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አብረው ከታሰሩት አንዷ፣ የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በእስር ላይ እያሉ ሞቱ። የልዕልት ሰብለ ባል፣ የቀድሞው የኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ደጃዝማች ካሣ ወልደ ማርያም፣ እነርሱም ታስረው ቆይተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

አባላት ሆይ፣ እዚህ ላይ ስንደርስ የንጉሥ ልጅና የእኛ ልዩነት ይጠፋል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ስንቱ ቤት ልጁ መንገድ ላይ ወድቆ አይቶ እንዳያለቅስ ተከልክሏል? ስንቷ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በዝምታ አድራለች? አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ እንደነበረ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይመሰክራል። የእድር ጥሩንባ ያልተነፋላቸው፣ ድንኳን ያልተጣለላቸው ልጆች ናቸው። ከእኛም አባላት መካከል የልጃቸው መቃብር የት እንደሆነ ሳያውቁ ያለፉ እናቶች አሉ፤ ስማቸውን አንጽፍም፤ እነርሱ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዲነሣባቸው አይፈልጉም ነበርና። የታችኛውም የላይኛውም ቤት በአንድ ዘመን ያለ ለቅሶ ቀረ።

ልዕልት ተናኘወርቅ እስር ቤት ሲገቡ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሲወጡ ሰባ ስድስት። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ሴቶቹ ተፈቱ፤ ወንዶቹ፣ የልዑል መኰንን ልጆች፣ ከዚያ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው የወጡት። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ማለት ነው። እናት ከአራት ሴት ልጆቿ ጋር በአንድ እስር ቤት ያን ያህል ዘመን መቀመጥ ምን እንደሚመስል እኛ ለመናገር አንደፍርም። አንድ ነገር ብቻ እንበል። ልጆቹ ያን ሁሉ ዓመት ባጡት ሁሉ መካከል ያላጡት አንድ ነገር ቢኖር የእናታቸውን ድምፅ ነው።

ከተፈቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። እርጅና በተጫናቸው ጊዜ ሁለተኛ ስደት ሆነ። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ተለወጠ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ መሬቱ መናገር የጀመረው። የስልሳዎቹ አጽም ከጉድጓዱ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ፤ የእስክንድርም አጽም ከእነርሱ ጋር ነው። በ1984 ዓ.ም. የንጉሡ አጽም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ ተገኘ። ወደ በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አፄ ምኒልክ ወደሚያርፉበት ተወስዶ፣ ዓመታት እዚያ ተቀመጠ። ቀብሩ ለምን ያን ያህል ዘገየ፣ በማን ወጪ ይሁን፣ በምን ዓይነት ሥነ ሥርዓት ይሁን የሚለው ክርክር ብዙ ነበር፤ እኛ ወደዚያ አንገባም። ከእድር ሰው ዐይን ሲታይ ግን፣ ሬሳ ይዞ ስምንት ዓመት መቆየት ከባድ ነገር ነው። ጎረቤት ቢሆን ሁለት ሌሊት እንኳ አያስችለውም።

በዚህ መካከል የመጨረሻው ወንድም ሄዱ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ኋላ አምኃ ሥላሴ የተባሉት፣ በጥር 1989 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዐረፉ፤ አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በሥላሴ ተቀበረ። ከስድስቱ የቀሩት ተናኘወርቅ ብቻ ሆኑ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ዕድሜ ሲያይ «እግዚአብሔር ረስቷቸው» ይላል። እኛ እንደዚያ አንልም። ቤተሰቡ ውስጥ አባቱ የት እንደተቀበረ ዐይቶ የሚመሰክር አንድ ልጅ መቅረት ነበረበት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ብዙ ሰው ከአሜሪካ በርጅናው የሚመለሰው ለምን እንደሆነ የእድራችን አባላት ታውቃላችሁ፤ ልጆቻቸው ዋሽንግተን ያሉ እናቶቻችን «እዚያ ብሞት ማን ያለቅስልኛል?» እያሉ አይደለም እንዴ ትኬት ቁረጡልኝ የሚሉት? ልዕልቲቱ ግን የሚመለሱበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው።

ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከሞታቸው ሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከበአታ ወጥተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ የጥንት አርበኞች ልብሰ ተክህኖ ከለበሱት ጎን በሜዳይ ደረታቸውን ሞልተው ተሰለፉ። በሕይወት የቀሩት አንዷ ልጅ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሆኗቸው በስፍራው ነበሩ። በሃያ አምስት ዓመታቸው ባላቸውን ያልቀበሩ፣ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ልጃቸውን ያልቀበሩ፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አባታቸውን ያልቀበሩ ሴት፣ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አንዱን ቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ኖሩ። መጋቢት 28 ቀን 1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በአገራቸው፣ በሰው መካከል ዐረፉ። በዚያው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አባታቸውና እናታቸው፣ ልጃቸው እስክንድርም በሚያርፉበት፣ በሥርዓቱ ተቀበሩ። በ1967 ዓ.ም. አብረዋቸው የታሰሩት አራቱ ሴት ልጆቻቸው አይዳ፣ ሂሩት፣ ሰብለና ሶፊያ ያን ቀን አራቱም በሕይወት ነበሩ። ቀባሪ አላጡም።